በሣጥን ታሽጎ የማይመጣ መድኃኒት
የኤም አር ኤን ኤ ክትባት በካንሰር ሕክምና

«መምህር፣ የካንሰር ክትባት ተገኘ እየተባለ ነው። ወደ እኛ አገር መቼ ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ አንድ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ሙቀትና ስለ ሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስለ ነበር ጥያቄው ከርእሱ የራቀ መሰለኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ልጁ የጠየቀው ለዕውቀት ያህል ብቻ አልነበረም፤ እናቱ በጡት ካንሰር ታመው በመቀሌና በአዲስ አበባ መካከል ለሕክምና ይመላለሱ ነበር። «ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ክትባቶች ሁሉ በሣጥን ታሽጎ ይመጣል» አልሁት። ነገሩን ካነበብሁና ካሰብሁበት በኋላ መልሴን ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ እርማት ነው።

ለመሆኑ ኤም አር ኤን ኤ ምንድን ነው?

የሰውነታችን ሕዋሳት፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ኑክሊየስ በሚባለው አስኳላቸው ውስጥ ዲ ኤን ኤ የተባለውን የዘር መዝገብ ይዘዋል። መዝገቡ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። በመሥሪያ ቤት እንደምናየው ዋናው መዝገብ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ለሥራ የሚያስፈልገው ገጽ ብቻ ይገለበጥና ግልባጩ ወደሚመለከተው ክፍል ይላካል። ኤም አር ኤን ኤ ማለት ይህ ግልባጭ ነው። ግልባጩን ተቀብለው በላዩ በተጻፈው መሠረት ፕሮቲን የሚሠሩት ደግሞ ራይቦዞም የሚባሉት የሕዋሱ ጥቃቅን ፋብሪካዎች ናቸው። ይህ መልእክተኛ ሞለኪውል መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ተፀነሰ። ፕሮቲኑን በፋብሪካ ሠርቶ ለታማሚው ከመስጠት ይልቅ ግልባጩን ብቻ ሰጥቶ ሰውነቱ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ለምን አይቻልም? እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኤም አር ኤን ኤ በአይጥ ጡንቻ ውስጥ ወግተው ጡንቻው የታዘዘውን ፕሮቲን እንደ ሠራ አሳዩ። ይሁንና ሰውነት ከውጭ የመጣን አር ኤን ኤ እንደ ወራሪ ቫይረስ ቆጥሮ በቁጣ ይነሣበት ነበር። ይህን እንቅፋት ያቃለሉት በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከአር ኤን ኤ አራት ፊደላት አንዱን፣ ዩሪዲንን፣ በመጠኑ በተለወጠ መንትያው ቢተኩት የሰውነት ቁጣ እንደሚበርድ አስረዱ። በጊዜው ብዙ ትኩረት ያላገኘው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል።

አብዛኛው ሰው የኤም አር ኤን ኤን ስም የሰማው በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ነው። ነገር ግን ኡጉር ሻሂንና ኦዝሌም ቱሬቺ የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማ ባዮንቴክን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመሠርቱ ዋና ዓላማቸው ካንሰር ነበር። የኮሮና ክትባት ለካንሰር ሲጠረግ በነበረው መንገድ ላይ አልፎ ሄደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥቂት ፊዚክስ

አር ኤን ኤ ደካማ ሞለኪውል ነው። በስኳሩ ላይ ዲ ኤን ኤ የሌለው አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ተንጠልጥሏል፤ ይህ ጥንድ ዞሮ የሞለኪውሉን የራሱን አከርካሪ ይበጥሳል። ለሕዋሱ ይህ ድካም ጥቅም አለው፤ ትእዛዝ ከተፈጸመ በኋላ ወረቀቱ ሊቀደድ ይገባዋልና። ለመድኃኒት ቀማሚው ግን ችግር ነው። በዚያ ላይ የአር ኤን ኤ አከርካሪ ከዳር እስከ ዳር ኔጌቲቭ ሙል ስለ ተሸከመ በቅባት የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን በራሱ አቅም ሊያልፍ አይችልም።

መፍትሔው እጅግ ያማረ ነው። ሞለኪውሉ ዲያሜትሯ 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የቅባት እንክብል ይጠቀለላል፤ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሺሕኛ ማለት ነው። ከእንክብሏ ቅባቶች አንዱ ጠባዩ እንደ አካባቢው ይለዋወጣል። አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ፖዚቲቭ ሙል ይይዛል፤ ስለዚህ በፋብሪካ ውስጥ ኔጌቲቩን አር ኤን ኤ ስቦ ያቅፈዋል። በደም ውስጥ ሙሉን ስለሚጥል ከማንም ጋር ሳይጣላ ይጓዛል። ሕዋሱ እንክብሏን ሲውጣት የምትገባበት ከረጢት ደግሞ እንደ ገና አሲዳማ ነው፤ ቅባቱም ሙሉን መልሶ ያነሣና የከረጢቱን ግድግዳ ያናጋል፤ መልእክቱ ይለቀቃል። የኩሎምብ ሕግን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ጥሩ ማስታወሻ ይመስለኛል።

ቅዝቃዜውስ ለምን አስፈለገ? በኬሚስትሪ ትምህርት አንድ የግምት ደንብ አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የፋይዘርና ባዮንቴክ የኮሮና ክትባት መጀመሪያ ሲወጣ ይጠበቅ የነበረው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ20 ዲግሪ ተነሥተን እዚያ ለመድረስ 90 ዲግሪ እንወርዳለን፤ ይኸውም ዘጠኝ ጊዜ በግማሽ መቀነስ ነው። ሁለት ዘጠኝ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 512 ይሆናል። በዚህ ሻካራ ስሌት በክፍል ሙቀት በአንድ ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስኪደርስ 21 ቀናት ያህል ይፈጃል። ትክክለኛው ዋጋ እንደ ሞለኪውሉ ይለያያል፤ የውኃው መርጋትም የራሱ ሚና አለው፤ የነገሩን መልክ ለማየት ግን ይበቃል።

ክትባት ሲባል እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?

ቃሉ ያሳስታል። የኩፍኝ ክትባት ለጤነኛ ልጅ በሽታው ሳይመጣ ይሰጣል። ከዚህ በታች የምንነጋገርበት ክትባት ግን ለታመመ ሰው፣ በአብዛኛውም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ፣ በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ መከላከያ ከሚባል ሕክምና ቢባል ይሻላል።

እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ቆራርጦ ቁራጮቹን በገጹ ላይ ያሳያል። ነጋዴ በጎተራው ካለው እህል እፍኝ እፍኝ ወስዶ በሰፌድ ላይ አድርጎ በደጃፉ እንደሚያስቀምጥ ያለ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት የደም ጠባቂዎች እየዞሩ ሰፌዱን ይመለከታሉ፤ የለመዱትን እህል ካዩ ያልፋሉ፤ እንግዳ እህል ካዩ ሕዋሱን ይገድሉታል። ካንሰር የሚፈጠረው በዲ ኤን ኤ ላይ በሚደርስ የፊደል ስሕተት በመሆኑ የካንሰር ሕዋስ ሰፌድ ላይ አንዳንድ የተዛባ ቁራጭ ይገኛል። ሳይንቲስቶች ይህን ኒዮአንቲጂን ይሉታል። ችግሩ ጠባቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ሳያስተውሉት ማለፋቸው ነው።

ስለሆነም ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ከታማሚው ዕጢና ከጤነኛ ደሙ ናሙና ይወሰዳል። የሁለቱም ዲ ኤን ኤ ይነበብና ይነጻጸራል። ዕጢው ላይ ብቻ ከሚገኙት ስሕተቶች ውስጥ በሰፌዱ ላይ ሊወጡ የሚችሉት በኮምፒዩተር ይመረጣሉ፤ በሞደርናና መርክ ክትባት እስከ 34፣ በባዮንቴክ ደግሞ እስከ 20 ድረስ። እነዚህ በኤም አር ኤን ኤ ተጽፈው በእንክብል ተጠቅልለው ለዚያው ታማሚ ይወጋሉ። ጎን ለጎንም ካንሰሩ በቲ ሴሎች ላይ የረገጠውን ፍሬን የሚያስለቅቅ ሌላ መድኃኒት ይሰጣል።

እስካሁን ምን ተገኘ? በቆዳ ካንሰር፣ ማለትም በሜላኖማ፣ 157 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጓል። ክትባቱንና ፍሬን ለቃቂውን ፔምብሮሊዙማብ አንድ ላይ ከወሰዱት 107 ሰዎች መካከል በሽታው የተመለሰባቸው ወይም የሞቱት 24 ናቸው፤ ፔምብሮሊዙማብን ብቻ ከወሰዱት 50 ሰዎች መካከል ግን 20። ጊዜውም ታስቦ አደጋው በ44 በመቶ ቀነሰ ተባለ፤ ሦስት ዓመት በተጠጋው ክትትል ደግሞ 49 በመቶ። ጋዜጦች የጻፉት ይህን ነው። ያልጻፉት እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናት ላይ ከቁጥሩ ጎን የተቀመጠውን የስሕተት ወሰን ነው። የሁለቱ ቡድኖች አደጋ ጥምርታ 0.56 ቢባልም እውነተኛው ዋጋ ከ0.31 እስከ 1.02 ባለው ክልል ሊገኝ ይችላል፤ 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ የስበት ፍጥነትን ለክቶ የስሕተት ወሰኑን ባይጽፍ ማርክ እቀንስበታለሁ። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1 ሺሕ በላይ ታማሚዎችን ያቀፈ ትልቅ ሙከራ የተጀመረው። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ድረስ ለካንሰር በየትኛውም ታላቅ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተፈቀደ የኤም አር ኤን ኤ ክትባት አልነበረም።

ይበልጥ ያስደነቀኝ የጣፊያ ካንሰር ውጤት ነው። (በአማርኛ ጣፊያ የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ አካላት ስለሚሰጥ ላብራራ፤ እዚህ ላይ የምለው ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ፓንክሪያስን ነው።) ይህ ካንሰር ከሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። በኒው ዮርክ የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 16 ሰዎች ክትባቱን ሰጡ። በስምንቱ ላይ ቲ ሴሎች ተነሣሥተው ታዩ፤ በስምንቱ ላይ አልታዩም። ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ ክትትል ከመጀመሪያዎቹ ስምንት በሁለቱ ላይ ብቻ፣ ከኋለኞቹ ስምንት ግን በሰባቱ ላይ በሽታው ተመልሷል። ዐሥራ ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ቲ ሴሎቻቸው የተነሡት ሰዎች ከመጀመሪያውም ጠንካሮች ነበሩ ሊባልም ይችላል። ቢሆንም እንዲህ ባለ በሽታ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ማየት የተለመደ አይደለም።

ታዲያ ለምን በሣጥን አይመጣም?

ምክንያቱ አሁን ግልጽ ሳይሆን አይቀርም። ክትባቱ የሚጻፈው ከታማሚው ከራሱ ዕጢ ተነሥቶ ነው። የአንዷ እናት ክትባት ለጎረቤቷ አይሠራም። በመርከብ የሚጫን፣ በእርዳታ የሚለገስ፣ በመጋዘን የሚከማች ነገር የለም። ሊመጣ የሚችለው ዕጢውን የማንበብ ችሎታ ነው፤ እርሱም መጥቶ የሚቀመጥ ሳይሆን እዚሁ የሚበቅል ነው።

ከናሙናው እንጀምር። በአገራችን ሆስፒታሎች ከዕጢ የሚወሰድ ሥጋ በአብዛኛው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን የሕዋሱን ቅርጽ ለማይክሮስኮፕ ያቆያል፤ ዲ ኤን ኤንና አር ኤን ኤን ግን ይጎዳል። ለንባብ የሚመረጠው ወዲያው የቀዘቀዘ ናሙና ነው። ቀጥሎ ንባቡ አለ። በኮሮና ዘመን አዲስ አበባ የሚገኙት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት የቫይረሱን ዘረመል አንብበዋል፤ ጅማሬው አለ ማለት ነው። ነገር ግን የኮሮና ቫይረስ 30 ሺሕ ያህል ፊደል ሲኖረው የሰው መዝገብ መቶ ሺሕ እጥፍ ይሆናል፤ ፕሮቲን የሚጻፍበትን ጥቂት ክፍል ብቻ ብናነብም እንኳ ከሺሕ እጥፍ አያንስም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብዙም የማይነገርለት ሦስተኛው ነጥብ ነው። ቀደም ሲል በሰፌድ የመሰልሁት ነገር ኤች ኤል ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። ሰፌዱ በሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ዓይነቶች አሉት፤ አንዱ የሚይዘውን ቁራጭ ሌላው አይዝም። ቁራጮቹ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያህል ይረዝማሉ። አሚኖ አሲዶች ሃያ ስለሆኑ ሊኖሩ የሚችሉት የዘጠኝ ቃላት ብዛት 512 ቢሊዮን ነው። (ያ 512 እንደ ገና ብቅ ማለቱ ተአምር አይደለም፤ 20 የ2 እና የ10 ብዜት ስለሆነ ነው።) ይህን ሁሉ በቤተ ሙከራ መፈተን ስለማይቻል የትኛው ቁራጭ በየትኛው ሰፌድ ላይ እንደሚቀመጥ የሚገምቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተዘጋጅተዋል። ፕሮግራሞቹ የተማሩበት መረጃ ግን በአብዛኛው የተሰበሰበው ዝርያቸው ከአውሮፓ ከሆነ ሰዎች ነው። በአፍሪካ የሚገኙ የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች በመረጃው ውስጥ ያላቸው ድርሻ አነስተኛ ነው። እንግዲህ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ዕጢ በፍራንክፈርትም ሆነ በቦስተን ቢነበብ ግምቱ ከአንዲት ጀርመናዊት ይልቅ ሊስት ይችላል። ይህን ጉድለት ማንም ሊሞላልን አይቸኩልም። ሥራው ደግሞ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የስታቲስቲክስ፣ የኮምፒዩተርና የፊዚክስ ተማሪ ይፈልጋል።

ጊዜም አለ። በኒው ዮርኩ ሙከራ የመጀመሪያው መርፌ የተሰጠው ከቀዶ ሕክምናው ዘጠኝ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም መብራት። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የዚህች ከተማ አንባቢ ማስታወሻ አያስፈልገውም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልግ ተራ ክትባት እንኳ በዚያን ጊዜ የሚቀመጥበት ተቸግሮ ነበር። ከላይ የሠራነው የ512 ስሌት መብራት ሲጠፋ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለተማሪው መስጠት የነበረብኝ መልስ ይህ ነው፤ ለእናቱ አይደርስም። ለእርሳቸው የሚደርሰው ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር መድኃኒትና ጨረር ነው። ጨረሩም ቢሆን በአገራችን ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር፣ በኋላም መቀሌን ጨምሮ በክልል ከተሞች እንዲስፋፋ እንደ ታቀደ ይታወቃል። የጨረር ሕክምና ያለ ሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ እንደማይሠራ ለፊዚክስ ተማሪዎች ደጋግሜ ብናገር አይታዘቡኝ።

አንድ ልዩ ሁኔታ

ከላይ የተባለው ሁሉ የማይመለከተው አንድ ካንሰር አለ፤ እርሱም በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ 7,400 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ 5,300 ያህሉ ሞተዋል። የበሽታው መነሻ ሂውማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። በዕጢው ውስጥ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ይገኛሉ፤ እነዚህም የታማሚዋ የፊደል ስሕተት ሳይሆኑ የቫይረሱ የራሱ ጽሑፍ ናቸው። ስለሆነም በአንድ የቫይረስ ዓይነት በታመሙ ሴቶች ሁሉ ላይ ተመሳሳይ ናቸው። እንዲህ ከሆነ አንድ ክትባት ለብዙዎች ሊጻፍ፣ በሣጥንም ሊታሸግ ይችላል። ባዮንቴክ በዚህ ቫይረስ ዓይነት 16 ምክንያት ለሚመጣ የራስና የአንገት ካንሰር ይህንኑ የመሰለ ክትባት በሰው ላይ እየሞከረ ቆይቷል። ሀብታሞቹ አገሮች ሜላኖማን አስቀደሙ፤ ሕመማቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ምርጫው የእኛ ቢሆን ኖሮ የማኅፀን በር ካንሰር ይቀድም ነበር ባይ ነኝ።

ደግሞም የዚህ ካንሰር መከላከያ፣ ኤም አር ኤን ኤ ያልሆነው፣ ዱሮ በእጃችን ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተሰጠው በሁለት ወረዳዎች ነበር፤ አንዱ በጅማ ዞን ጎማ፣ ሁለተኛው እዚሁ ትግራይ፣ እንትጮ የምትገኝበት አሕፈሮም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የሚፈልገው ተራ ማቀዝቀዣ ነው። በአሕፈሮም በዚያን ጊዜ ክንዳቸውን የሰጡት ልጆች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ይኖሩ ይሆናል።

መርፌው ቫይረሱ አስቀድሞ የገባባቸውን አይፈውስም። ስለዚህ ለእናቶቻቸው ያለው ሌላ ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማኅፀናቸው በር በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤ ዋና ንጥረ ነገር በሆነው፣ ተቀብቶ ይታያል፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ይሆናል። ያ ቦታ በሙቀት ይተኮሳል ወይም በጋዝ ይቀዘቅዛል። የጋዙ አሠራር ጁልና ቶምሰን ያጠኑት ነው፤ ታምቆ የነበረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠባብ ቀዳዳ በድንገት ሲለቀቅ የመሣሪያውን ጫፍ ከበረዶ በታች ያወርደዋል፤ የተለወጡት ሕዋሳትም በሳምንታት ውስጥ ይረግፋሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የጋዝ ሲሊንደርና አንዲት የሠለጠነች ነርስ ነው፤ መብራት ባይኖርም ይሠራል።